ያባረርነውን ቀጥቃጭ ፍለጋ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ካለው መንደሬ ተነሣሁ። የምሄደው ወደ አንኮበር ነው፤ የምፈልገውም ሀብቴ የሚባል አንድ ቀጥቃጭ ነው። ከመንደራችን ያስወጣነው እኛው ነን። ከሁሉም አስቀድሞ አፉን የከፈተው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላ ሰው ይላክ ብል ማን ይሰማኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥር ጀምሮ ከብቶቻችን ማለቅ ጀመሩ። ዓይናቸው ያነባል፣ አፋቸው ይቆስላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይወድቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በሬዎች እንደሞቱ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ እኔን ጠየቀኝ፤ ደብተራ ነኝና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቃል ተብሎ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላውቅም ማለት ግን ለደብተራ ይከብዳል። "ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ዓይን ነው" አልኩ። ስም አልጠራሁም፤ በመንደሩ ከእሳት ጋር የሚውል ሰው አንድ ብቻ ነበር። ሀብቴ በሳምንቱ ሚስቱንና ወናፉን ይዞ አንኮበር ወዳሉት ዘመዶቹ ወጣ። በሬዎቹ መሞታቸውን አልተዉም።

እኔና ጎረቤቴ ተሰማ አንዳንድ በሬ ነበረን፤ በመቀናጆ አጣምረን አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእኔን ማሳ እናርስ ነበር። ሁለቱም በሬዎች በሁለት ቀን ልዩነት ሞቱ። አሁን የቀረን በዶማ መቆፈር ነው፤ ዶማ ደግሞ የለንም። በሬ ያለው ሰው ዶማ ምን ያደርግለት ነበር? በሹል እንጨት ሞከርን፤ እንጨቱ ተሰበረ እንጂ መሬቱ አልተበገረም። ዝናቡ ሳይከብድ ገብሱ ካልተዘራ የሚመጣውን በጋ የምናየው ጥቂቶች እንሆናለን።

ሚስቴ አስካለ በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ።

"ምን ብለህ ትለምነዋለህ?" አለችኝ።

"መንገድ ላይ አስብበታለሁ።"

"አራት ወር ሙሉ ያላሰብከውን በሁለት ቀን ልታስብ ነው?"

 ከቄሱ የተዋስኳትን አህያ እየነዳሁ ወጣሁ።

ሰኞ፣ በሜዳው ላይ

የበሬሳን ወንዝ ስሻገር ውሃው ገና ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። ይህ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ በዚህ ሰሞን ወንዙ በአንድ ቀን ዝናብ እንደሚሞላ አውቃለሁና። ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ በሌላው ዓመት በዚህ ወር በጅራፍና በአራሽ ድምፅ ይሞላ ነበር። ዛሬ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። የበግ ጠጉር ባናዬን አፍንጫዬ ድረስ ተከናነብኩ፤ ግማሹ ለብርዱ፣ ግማሹ ለሞተው ከብት ሽታ። አሞሮቹ ከመጥገባቸው የተነሣ አህያዬ በመካከላቸው ስታልፍ ፈቀቅ እንኳ አላሉም።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያርሱ አየሁ። ጠጋ ስል ቀንበሩን የተሸከሙት ሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ናቸው። ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል።

"ወዴት ነህ ደብተራ?" አሉኝ ሽማግሌው ጥምጣሜን አይተው።

"ዶማ ፍለጋ ነኝ፣ አባቴ።"

"ዶማ?" ብለው እርፉን ለቀቁ። "እኛ የጨዋ ልጆች ነን። እናርሳለን እንጂ እንደ ባሪያ መሬት አንጭርም!"

ከልጆቹ አንዱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ ጎንበስ አለ። ልስቅ ዳድቶኝ ነበር፤ ወዲያው ግን እኔም ባለፈው ወር ለአስካለ ይህንኑ ቃል መናገሬ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ማታ ጎረቤላ አጠገብ አንዲት ባልቴት አሳደሩኝ። "ከብት ነክተሃል?" ብለው ጠይቀው፣ ነክቻለሁ ስላቸው በረንዳው ላይ አነጠፉልኝ፤ ያላቸው አንዲት ላም ናት። ገብስ ስንት ገባ ብዬ ጠየቅኳቸው። አምና በአንድ አሞሌ ጨው ሦስት ቁና ይሸመት የነበረው ዘንድሮ አንድ ቁናም አይሞላም አሉኝ። ቆዳማ ማንም አይገዛውም፤ በየሜዳው ወድቋል።

ማክሰኞ፣ አንኮበር

አንኮበር በጉም ውስጥ ጠበቀችኝ። የጽድ ዛፉ፣ አጥሩ፣ ጎጆው ሁሉ ከቅርብ ካልሆነ አይታይም። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ወደ እንጦጦ ከሄዱ ወዲህ የቤተ መንግሥቱ ጉብታ ጭር ብሏል፤ ድሮ ሰው የሚጋፋበት ደጅ ላይ ሁለት ዘበኞች ፀሐይ ይጠብቃሉ። የጠይቦቹን፣ ማለት የቀጥቃጮቹን፣ መንደር ብጠይቃቸው አንደኛው በአገጩ ወደ ቁልቁለቱ አመለከተኝ፤ እጁን ማንሣት እንኳ አልፈለገም።

ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ በቅሎዎቹን የሚያሳርፍ የአልዩ አምባ ነጋዴ አገኘሁ። ዑመር እባላለሁ አለኝ። ጭነቱ አቡጀዲ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ በግመል መጥቶ አልዩ አምባ ላይ ወደ በቅሎ የተዛወረ። ጨርቁን ዳሰስኩት። የእኛ አገር ሸማኔ ሳምንት የሚደክምበትን የሚያህል ነገር በአንድ ጥቅል ተጠቅልሏል።

"ከብታችሁ እንዴት ነው?" አለኝ።

"አለቀ።"

"ኢና ሊላሂ! የኛም አለቀ። በረሃ ያሉት የአፋሮቹም አለቀ። ፈረንጆች ለወታደሮቻቸው ሥጋ ብለው በመርከብ ከብት አውርደው ነበር፣ በሽታው ከዚያ ነው የተነሣው ይላሉ። እኔ መርከቡን አላየሁም። ሬሳውን ግን ከጠረፍ እስከዚህ ድረስ እየተሻገርኩ ነው የመጣሁት።"

"እኛ ጋ ቀጥቃጭ ነው ያመጣው ተባለ" አልኩት። ማን እንዳለ አልነገርኩትም።

ሳቁ መጣበት። "ወላሂ ደብተራ፣ አንድ ቀጥቃጭ ይህን ሁሉ አገር በዓይኑ ከጨረሰ ንጉሡ ጠመንጃ ለምን ይገዛሉ? እሱን ይላኩት እንጂ!"

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ጨርቁም ጠመንጃውም በሽታውም በአንድ መንገድ ነው የመጡት። እኔ ያላየሁት ባሕር ዳር አንድ ሰው ለወታደሩ ሥጋ አስቦ ነበር፤ የእኔ በሬ በዚያ ምክንያት ሞተ፤ እኔ ደግሞ ጎረቤቴን ከሰስኩ። አህያዋን እየነዳሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

የጠይቦቹ መንደር

ሀብቴ ደጁ ላይ ማጭድ ይስላል። ሚስቱ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ስታየኝ ጭቃውን ከእጇ ሳታጸዳ ተነሥታ ገባች።

"ምን እግር ጣለህ?" አለኝ። እኛ ዘንድ ሳለ አንቱ ይለኝ ነበር። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

"ዶማ ፈልገን ነው። አንተም ወደ ቤትህ እንድትመለስ።"

"ቡዳው ሲሄድ ከብቱ ዳነ?"

"አልዳነም።"

"ቤቴስ?"

"ተቃጥሏል።"

"ተቃጥሏል ወይስ አቃጠላችሁት?"

"አቃጠልነው" አልኩ።

ማጭዱን አስቀመጠ። እኔም ዶማው ቀርቶ በደህና ብወጣ ማለት ጀመርኩ። በኋላ፣ "ዶማው ይሠራል። እኔ አልመለስም። ወናፍ የሚነፋልኝ ወንድሜ ታሟል፤ ከቸኮልክ ተቀመጥና ንፋ" አለኝ።

ረቡዕና ሐሙስን ነፋሁ። ብዕር የለመደ እጅ ወናፍ ሲይዝ መከራ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሀብቴ የተሰበረ ማረሻና አሮጌ ብረት እያጋለ ይቀጠቅጣል፤ አልፎ አልፎ "አትቸኩል፣ እሳቱን ትገድለዋለህ" ይለኛል። ከሰማዩ በስተቀር የማስበው ነገር አልነበረም። ደመና ባየሁ ቁጥር በፍጥነት እነፋለሁ፤ እሱ ደግሞ ይቆጣኛል።

ረቡዕ በሶዬን ለብቻዬ በጠብጬ ጠጣሁ። ሐሙስ ስንቄ አለቀ። የሀብቴ ሚስት የሽሮ ወጥ በእንጀራ አቀረበች፤ ለእኔ ግን አላቀረበችም፤ ከቀጥቃጭ ገበታ እንደማልበላ ታውቃለች። እጄን ታጠብኩና ገበታው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁለቱም እጃቸውን አቆሙ። ጎረስኩ። ዋጥኩና ጠበቅሁ፤ ይህን ያህል ዘመን የፈራሁት ነገር አሁን ሊመጣ ነው ብዬ። ምንም አልመጣም። ሽሮው ጨው አንሶት ነበር፣ ሌላ ነገር የለውም። ያ ምንም አለመሆኑ ግን ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ።

ዘጠኝ ዶማ ሲሞላ መንደሩ ያዋጣውን አሞሌ አወጣሁ። ለብረቱና ለከሰሉ የሚሆነውን ወሰደ፤ የቀረውን መለሰልኝ።

"ለጉልበቴ ጨው አልፈልግም። ያን ቀን የቆምክበት ቦታ ቆመህ፣ ያልከው ሐሰት እንደነበረ ተናገር።"

"ባልናገርስ?"

"ዶማውን እንደሆነ ይዘኸዋል። ተከትዬህ አልመጣም" አለና ወደ እሳቱ ዞረ።

መመለሻ

ዓርብ ንጋት ተነሣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ ሳለሁ ከኋላዬ ነጎድጓድ ጀመረ። በሬሳ ስደርስ ውሃው ወገቤ ደርሷል፤ አህያዋ አልገባም ብላ እግሯን ተከለች። ዶማዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግሁ በትከሻዬ አሻገርኩ፤ አንዱ እንኳ ቢወድቅብኝ አንድ ቤት ጦሙን ያድራል እያልኩ። እሷን በመጨረሻ በጆሮዋ ጎትቼ አመጣኋት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ደጅ ላይ ቆምኩ። ዶማዎቹ እግሬ ሥር ናቸው። ስለ መርከቡ፣ ስለ በረሃው ሬሳ፣ ስለ ሀብቴ ተናገርኩ። "ሐሰት ተናግሬአለሁ። ሳላውቅ አውቃለሁ ብያለሁ" አልኩ።

የመንደራችን ጭቃ ሹም ያን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ከነሱ ጋር በላህ?"

"በላሁ።"

ሰዉ ትንሽ ወደ ኋላ አለ። አንድ ዶማ አንሥቼ ለተሰማ፣ ዓመታት በሬ ላጣመርኩት ጎረቤቴ፣ ዘረጋሁለት። እጄን አየና፣ "መሬት ላይ አኑረው" አለኝ። እኛ ከቀጥቃጭ እጅ ብረት አንቀበልም፤ መሬት ላይ ሲያኖረው ነው የምናነሣው። ስምንቱን አንድ በአንድ አኖርኩ፤ እነሱም አንድ በአንድ አነሡ። ዘጠነኛውን አስካለ መጥታ ከእጄ ወሰደችው፣ ክብደቱንም መዘነች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ። የመንደራችን ዕጣ ከላይ ከእግዚአብሔር ወይም ከጎረቤት ዓይን ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የማላየው ሰው በማላየው ባሕር ላይ የሚያደርገው ነገር ቤቴ ድረስ እንደሚገባ አወቅሁ፤ ይህም ያስፈራኛል። ያን ማገድ አልችልም ነበር። ቀጥቃጩን ያባረርነው፣ መቆፈርን ውርደት ያደረግነው ግን እኛ ነን፤ በሽታው በሬ ብቻ ነው የገደለው። የሚመጣው ክረምት ምን እንደሚያደርገን አላውቅም፤ አላውቅም ማለትንም መልመድ ጀምሬአለሁ።

ዛሬ ሰኞ ማለዳ ወደ ማሳዬ ስወጣ ተሰማ ቀድሞኛል። "እንዴት አደርክ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጎንበስ ብሎ በዶማው መቆፈሩን ቀጠለ።