አክስቴ ሀዋ በጥዋት ስትመጣ

በቀደም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ፀጉር ቤት፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ የነበረችው ወጣት ስልኳ ጠራ። «ሄሎ» አለች፣ ትንሽ አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኩ ከእጇ ወደቀ። እናቷ ሞታ ነው። ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው፣ ማን እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ልጅቷ የት እንዳለች፣ ከማን ጋር እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቅ፣ ጭንቅላቷ ሙሉ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ እዚያው ዱብ አደረገባት። ጩኸቷ ከካስኩ ጉርምርምታ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ሁላችንም ተነስተን ቆምን፤ አንዳችንም እጃችንን የት እንደምናደርገው አላወቅንም።

እኔ እንግዲህ ልጅቷን አቅፌ አክስቴን ሀዋን አሰብኩ። ይህን ብታይ ምን ትል ነበር! በእሷ ጊዜ፣ በእኛ አገር፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው የሚረዳው በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ። እስከዚያው ይደበቃል። አራሷ እስክትጠና፣ እህሉ እስኪሰበሰብ፣ ጾሙ እስኪፈታ ወር ሁለት ወር የሚደበቅ መርዶ ነበር። ያወቀው ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል፣ ያላወቀው ሰው ደግሞ ሲስቅ ሲጫወት ይከርማል።

ያደግሁት ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነው። አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር። መደብሩ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፤ ቤታችን ዓመቱን ሙሉ የማሽላና የጤፍ ብናኝ፣ የአዲስ ጆንያ ሽታ አይለየውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የሐይቁ ጠረን፣ የዓሣና የእርጥብ ደንገል፣ በመስኮት ይገባል።

በዚያ ቤት ሰው አይሳሳምም ነበር። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ወላሂ ክፉዎች አልነበሩም። ግን ፍቅራቸውን እንደ ቀበሌ ስኳር ቆጥበው ነው የያዙት። አባቴ ከውጫሌ ገበያ ሲመለስ «ደህና ዋላችሁ» ብሎ ያልፋል፤ ማን ደህና እንደዋለ ቆሞ አይሰማም። እናቴ ስታመም ራስጌዬ ቁጭ ብላ ትሰነብትና የተሻለኝ ሲመስላት «ተነሺ እንግዲህ፣ አትሞላቀቂ» ትለኛለች። ከእኔ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብራ እንባዋን ሰው አላየውም ይባል ነበር፤ ይህ ደግሞ እንደ ትልቅ ክብር ነው የሚወራላት።

አክስቴ ሀዋ የምትኖረው እነዚህ ሰዎች መሀል ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከባሏ ተፋትታ፣ ሳትወልድ፣ ወንድሟ ቤት ተመልሳ ገብታለች። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ሆደ ባሻ ነበር የሚሏት። አህያ ሲደበደብ ካየች የዚያን ቀን ምሳ የለም። የዒዱን በግ ስም ታወጣለትና ስጋውን አትቀምስም። የቆዳ ልብስ ካላት የአባቴ ራዲዮ ላይ በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ዘፈን ከመጣማ አለቀ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አባቴ እጁን ሰዶ ራዲዮኑን ይዘጋዋል። «አሁን ምን ሆንኩ ብለሽ ነው?» ይላታል። ምን ብላ ትመልስ?

እኔም እንባዬ ቅርብ ነበርና ሲከፋኝ ጆንያዎቹ ጀርባ ገብቼ አለቅሳለሁ። የምታገኘኝ እሷ ብቻ ናት። አትቆጣኝም፣ ዝም በይ አትለኝም። አጠገቤ ትቀመጥና «ምን ሆንሽ?» ትለኛለች፤ ከዚያ መልሴን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። በዚያ ቤት ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም።

ታዲያ የቤቱ ሕግ «ለሀዋ እንዳትነግሯት» የሚል ነበር። ሰው ቢታመም፣ ሰው ቢሞት፣ የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ናት። ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። ይገባታል፤ ፈገግ ትልና «ውሃ ልቅዳ» ብላ እንስራዋን አንስታ ትወጣለች። እንስራው ሙሉ ሆኖ ሳለ የወጣችበትን ቀን አስታውሳለሁ። አዋቂ ሴት ናት እኮ! በገዛ ወንድሟ ቤት እንደ ሕፃን ሲሸሽጓት ምን ይሰማት እንደነበር ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መኪናው ተነስቶ ሊሄድ ሲል አባቴ «ጫማህን እንዳታስወስድ» አለው። እናቴ የበሶውን ከረጢት አቀበለችው፣ አቀበለችውና እጇን ወደ ነጠላዋ መለሰችው። አክስቴ ሀዋ ግን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሪ አለች። አባቴ ክንዷን ይዞ ጎትቶ አላቀቃት፤ ሰው እየሳቀብን ነው፣ አታዋርጂን አላት። እሷ መኪናው የእስጢፋኖስ ገዳሙን መታጠፊያ እስኪያልፍ ድረስ እጇን ዘርግታ ቆማ ቀረች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ረመዳን በገባ ሰሞን፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ወታደር አባቴን መደብሩ ውስጥ ብቻውን አግኝቶ ሰይድ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ መሞቱን ነገረው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። አባቴ ለሼህ ሁሴንና ለክርስቲያኑ ጎረቤታችን ለጋሽ ካሣ ብቻ ተናገረ። መከሩ፤ እናቴ ጾሟን በሰላም ትጨርስ፣ ዒድ ይለፍ አሉ። እስከዚያው ከሁሉ በላይ ሀዋ እንዳትሰማ! እሷ ካወቀች ፊቷ ይናገራል፣ እናቲቱም በአንድ ቀን ትረዳለች፣ ወይ እብድ ትሆናለች ወይ ትሞታለች ተባለ። እናቴ እንባ አውጥታ ስለማታውቅ ውስጥ ውስጡን ይገድላታል ብለው ነበር የፈሩት።

እኔ የማስታውሰው አክስቴ ሀዋ በዚያ ረመዳን ሌላ ሰው መሆኗን ነው። መኝታዋን አንስታ ከእናቴ አጠገብ አነጠፈች፤ ጓዳው በረደኝ አለች። ማፍጠሪያው ሲደርስ ስለ ቀድሞ ባሏ ስስት እያወራች እናቴን ሆዷን አስይዛ ታስቃታለች። እናቴ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ራዲዮው አምባሰል ሲያሰማ እንኳ ዓይኗ አልረጠበም። እናቴ ተገርማ፣ «ሀዋን ጾሙ አጠነከራት» አለች። አባቴ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

ዒድ በዋለ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ሼህ ሁሴንና ጋሽ ካሣ ከፊት፣ ሌሎች ወንዶች ከኋላ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ገቡ። ወንዶች በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አገራችን ውስጥ የለም። እናቴ ግን እንዳልገባት ሆነች፤ ቁርስ ላቅርብ ብላ የሳህን ክምር ይዛ ወዲያ ወዲህ ትል ጀመር። ሼህ ሁሴን ዱንያ ጠፊ መሆኗን አነሱ፣ የነቢያትን ሞት አነሱ፣ ከዚያ ድምፃቸው ተቋረጠ። ጋሽ ካሣ አባቴን አዩት። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ሳህኖቹን እንደያዘች መሀል ቤት ቆመች። የሚናገርም የለ፣ የሚወጣም የለ። ያ ዝምታ ራሱ የሚገድላት መሰለኝ።

አክስቴ ሀዋ ከጓዳ ወጣች። አባቴ ደንግጦ «አስወጧት፣ አስወጧት» ሲል ሰማሁት። እሷ እንዳልሰማ ሆነች። ሳህኖቹን ከእናቴ እጅ ተቀብላ አስቀመጠች፣ እናቴን መደቡ ላይ አስቀመጠቻት፣ ራሷም ጉልበታቸው እስኪነካካ ተጠግታ ተቀመጠች።

«ፋጡሜ» አለቻት፣ «ሰይዳችን ሞቷል።»

ያን ሁሉ ሽማግሌ የተናነቀውን ቃል እንዳለ፣ በቀስታ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ተናገረችው።

«መቼ?» አለች እናቴ።

«ረመዳን ሲገባ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ብቻሽን እንዳትሆኚ ነው አጠገብሽ የተኛሁት። አሁንም የትም አልሄድም።»

እናቴ ጭንቅላቷን አክስቴ ደረት ላይ ጣለችና በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከውስጧ ወጣ። አለቀሰች፤ የሰይድን፣ የነዚያን የሁለቱን ሕፃናት፣ የዓመታቱን ሁሉ አለቀሰች። አክስቴ ሀዋ፣ ያቺ ለአህያ የምታለቅስ ሴት፣ አንዲት ጠብታ እንባ ሳታወጣ እንደ ምሰሶ ያዘቻት። ሼህ ሁሴን «አጃኢብ! አጃኢብ ነው!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አክስቴን የፈራኋት ያኔ ነው፤ ሰው ትልቅ ነገር ሲያይ እንደሚፈራው።

ከፍ ስል እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ወታደር የጫኑ ኦራል የሚባሉት ከባድ መኪናዎች በደጃችን ባለፉ ቁጥር አባቴ ሰማዩን ልይ፣ ዝናብ መጥቷል እንዴ ብሎ ይወጣ ነበር። ዝናብ አይደለም የሚያየው፤ ምናልባት ሰይድ አንዱ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው። ይህን ማንም አላስተዋለም፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ታየው ነበር። አንድ ቀን ኦራሎቹ ግድግዳውን እያንቀጠቀጡ አለፉ፣ አባቴ አልተነሳም። በቃ፣ አወቀች። እንባዋንስ የት አደረሰችው? ያን ጊዜ ተራው የእናትሽ ነበር አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ የሰው ልጅ እየበላ ቀጠለ፤ በየቤቱ መርዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያለ አክስቴ ሀዋ መሄድ አቆሙ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራታል፤ ከሐይቅ አልፎ የአምባሰል ገጠር ድረስ በበቅሎ ይወስዷታል። እንደተመለሰች ማንንም ሳታናግር ወደ ሐይቁ ትወርድና ደንገሉ ውስጥ ተቀምጣ ለራሷ ታለቅሳለች። ሴቶቹ ግን ፈሯት። በጥዋት ብቅ ካለች ማጀት ውስጥ ያለችው ሁሉ የያዘችውን ትጥላለች። ይህን ስታውቅ ምን አደረገች? ያለምንም ጉዳይ በጥዋት በየቤቱ መዞር ጀመረች። ፍም ስጡኝ ትላለች፣ ልጁ እንዴት አደረ ትላለች፣ ስቃ ትሄዳለች። እንዲህ እያለች ከተማውን አለማመደችው። አክስቴ ሀዋ በጥዋት ስትመጣ ሞት ብቻ እንዳልሆነ እስኪያምኑ ድረስ ዞረች። ይህን እንድታደርግ ማንም አልነገራትም፣ ማንም አላመሰገናትም። በእኛም ቤት ያው እንደ ወትሮው ነው፤ «ደህና ዋላችሁ» ተብሎ ይታለፋል።

የሞተችው ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ደሴ አስተማሪ ሆኜ፣ እሷም ታማ እኔው ዘንድ ስትታከም ቆይታ፣ አንድ ማለዳ አረፈች። ሬሳዋ ከመነሳቱ በፊት እናቴ እንድትረዳ ብለን፣ ሊጠይቃት መጥቶ የነበረው አባቴና እኔ ቀድመን ወደ ሐይቅ ተሳፈርን። አባቴ ሸምግሏል፤ ዱላውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ድንገት ተናገረ።

«ያን ረመዳን ማወቋን አውቄ ነበር» አለኝ።

ከመጀመሪያዎቹ ኦራሎች በኋላ ሌሎች መጡ አለኝ። ልነሳ ብሎ ጉልበቱ እምቢ አለው። እናቴ ያኔ ቀና ብላ አየችው፤ ለካ እሷም መውጣቱን ለምዳዋለች። አክስቴ ሀዋ ብድግ አለችና፣ ወንድምዓለም አንተን ጾሙ አድክሞሃል፣ ሰማዩን እኔ ልየው ብላ ወጣች። የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ ደጅ ቆመች፤ ተመልሳ ደመና የለም አለች። እናቴ አንገቷን መልሳ ወደ ሥራዋ ደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዒድ ድረስ ኦራል ባለፈ ቁጥር የምትወጣው እሷ ነበረች።

«አንዲት ቃል አልተነጋገርንም» አለ። «በመርዶው ጠዋት አስወጧት ያልኩትም ያን ሁሉ የያዘችው እንባ ይገነፍላል ብዬ ፈርቼ ነው። ሁላችሁ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሏችኋል። ብቻዬን ብሆን ሳምንትም አልቆይም ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ እህቴ ብዬ አላመሰገንኳትም።» ከዚያ ያ አባቴ፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

ሐይቅ ደርሰን በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ። «አንቺ ግቢና ንገሪያት፣ ልጄ። እኔ አልችልም» አለኝ።

ገባሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ ፊቴን አየች። ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።