በሰው ካርድ የሰጠሁት ድምፅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ፖሊስ ጋምለ ኦስሎ ሰፈር ወዳለው ሱቄ ገብታ የሱፍ ካልሲ ጠየቀችኝ። ዕድሜዋ ከመጨረሻዋ ልጄ አይበልጥም። ካልሲውን እየዳበሰች ስታማርጥ ዓይኔ ወገቧ ላይ ካለው ሽጉጥ አልነቀል አለ። እሷም አስተውላኝ ኖሮ «ምነው?» አለችኝ።

«ምንም። ይሄ ነገር ወገብ ላይ እንዳይታጠቅ አንድ ጊዜ ድምፅ ሰጥቼ ነበር» አልኳት።

የፓርላማ አባል የነበርኩ ሳይመስላት አልቀረም፤ በአክብሮት ፈገግ አለች። እኔም አላረምኳትም። ደንበኛ ከፍ አድርጎ ሲያየው ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ሱቁ ጭር ብሎ ስለነበር ተቀምጬ ያንን ቀን ከመጀመሪያው አስታወስኩት።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ኦስሎ ከገባሁ ሦስተኛው ክረምት። ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጋሽ ታደለ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። እሳቸው መሀል ከተማው፣ ሴንትሩም፣ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ያጸዳሉ፤ እኔ በየገበያው እየዞርኩ የሱፍ ካልሲና ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ሶል እሸጣለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የቀረውን መርካቶ አስተማረችኝ፤ የሰውን ጫማ አይቼ ኪሱን መገመት እችላለሁ። ኦስሎ ስመጣ ይህ እውቀቴ ከሰረ። እዚህ አገር ሀብታሙም ድሃውም አንድ ዓይነት ጫማ ነው የሚያደርገው።

በኅዳር ወር አንድ ማታ ጋሽ ታደለ ወሬ ይዘው መጡ። የፖሊሶች የሠራተኛ ማኅበር አገር አቀፍ ጉባኤውን እሳቸው ሆቴል ሊያደርግ ነው። ከየአውራጃው የተመረጡ ተወካዮች ይመጣሉ፤ ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ ለሻጮች ጠረጴዛ ይከራያል። እኔ ወዲያው ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ በዓለም ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ማነው? ፖሊስ። ሶል የሚያስፈልገው ማነው?

«አንተ ልጅ፣ ሰው ከፖሊስ ይሸሻል፤ አንተ ሶል ይዘህ ልትሄድላቸው ነው?» አሉኝ።

«እግራቸው እንደ ሰው እግር ነው፣ ጋሽ ታደለ።»

«የመኖሪያ ፈቃድህ ማደሻ ፎርም ያለው እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። አደራህን፣ ሽጠህ ውጣ፤ ምንም ነገር ውስጥ እንዳትገባ።»

ያኔ ፈቃድ የሚታደሰው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። የኔም ማመልከቻ ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አስገባ ነበር፤ ደብዳቤው ጥግ ይዞ የተደበቀ ይመስል።

በጉባኤው ቀን ውሃ የቋጠረ በረዶ ይጥላል። ያለችኝን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ተሸክሜ የምድር ባቡሩ፣ ቴባነን፣ ውስጥ ገባሁ። ሆቴሉ ስደርስ መግቢያው በቡናና በዋፍል ሽታ ተሞልቷል። የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር ሲጋብዙኝ በጸጋ ተቀበልኩ። ዋፍሉ ላይ የሚያደርጉትን ቡናማ አይብ መጀመሪያ ሳየው የልብስ ሳሙና መስሎኝ ነበር። እስካሁንም ቢሆን ጨርሶ አላመንኩትም፤ ግን እበላዋለሁ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ቱሪድ የምትባል ከሩቁ ሰሜን የመጣች ፖሊስ ነበረች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ረጅም፣ አንድ ጉልበቷን የሚያማት። በአማርኛ ቢሆን «እርስዎ» እላት ነበር፤ የኖርዌይ ቋንቋ፣ ኖርሽክ፣ ግን ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው።

«ይሄ ሶል ጉልበት ያሳርፋል?» አለችኝ።

«ካላሳረፈ ነገም እዚሁ ነኝ፤ መጥተሽ እሰሪኝ።»

ሳቀችና ሁለት ጥንድ ገዛች። አጠገቧ የቆመው ጉናር የሚባል የኦስሎ ፖሊስ ነው፤ በር የሚሞላ ሰው። ካልሲ እየለካ ከእሷ ጋር ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁ በዚያው ቀን ጠዋት ስለሚወሰነው ጉዳይ ነው። ያኔ የዚህ አገር ፖሊስ ሽጉጡን የሚያኖረው መኪናው ውስጥ ቆልፎ ነበር። አሁን ማኅበሩ «ሽጉጥ በየቀኑ ወገባችን ላይ ይሁን» ብሎ መንግሥትን ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ፣ ጉባኤው ድምፅ ሊሰጥበት ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰካራም ያበረድኩት በምላሴ ነው» አለች ቱሪድ። «ሽጉጥ ካንጠለጠላችሁብኝ ምላሴ ይሰንፋል።»

ጉናር ካልሲውን አስቀመጠ። «ባልደረባዬ በጩቤ ሲወጋ እኔ ወደ መኪናው እየሮጥኩ ነበር። ቁልፉን ስፈልግ ደሙ ፈሰሰ። ተርፏል፤ ሥራ ግን አልተመለሰም። ምላስ አልሽ? የዚያን ቀን ምላሴ ደርቆ ነበር።»

ቱሪድ ክንዱን ነካ አድርጋ «ና፣ ዋፍል ሳያልቅብን» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሊቀመንበርነት የምንወዳደረው እኔና እሱ ነን። አብልቼ ላዳክመው» አለችኝ። ተያይዘው ሄዱ። እኔ ባደግኩበት አካባቢ በሽጉጥ ጉዳይ የተጣሉ ሰዎች አብረው ቁርስ ሲበሉ አላየሁም።

ስብሰባው ሲጀመር ገበያው ቀዘቀዘ፤ እኔም የአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። እያንዳንዱ ተወካይ ቢጫ ካርድ አለው፤ ድምፅ የሚሰጠው እሱን ከፍ አድርጎ ነው። ከአዳራሹ የሚወጣ ሁሉ ካርዱን በር ላይ ለቆመች ልጅ ይሰጣል፤ ሲመለስ ይቀበላል። ተናጋሪው የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ስብሰባውን የምትመራው አንዲት ደቃቃ ሴት መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ ቲክ ስታደርግ፣ ትከሻው ላይ ኮከብ የደረደረ አዛዥ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይወርዳል። አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። አንድ ተናጋሪ ሲቃወም ልቤ ወደሱ ይሄዳል፤ ሌላው ሲደግፍ ደግሞ የጉናር ባልደረባ ትዝ ይለኛል።

በመሀል የቱሪድ ስልክ ጠራ። ብድግ ብላ እያነከሰች ወጣች። የበሯ ልጅ ለመድረኩ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች።

«ልጄ ምጥ ላይ ናት» አለችኝ ቱሪድ፤ ካርዷን እጄ ላይ አድርጋ። «ይሄን ለበሯ ልጅ ስጣት፤ ቱሪድ ወጥታለች በላት።» በኮሪደሩ ተጣደፈች።

ወዲያው መዶሻው ተመታ። ድምፅ ሊሰጥ ነው። ልጅቷ አልተመለሰችም።

እዚህ ላይ ሰይጣን አሳሳተኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በዚያ ብርድ ኖርዌይ ድረስ የሚመጣ አይመስለኝም። በራሴ እግር ገብቼ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው፦ መርካቶ ውስጥ ጎረቤትህ ሱቁን ጠብቅልኝ ብሎህ ቢሄድና ገዢ ቢመጣ፣ ባለቤቱ የለም ብለህ አትመልሰውም፤ ትሸጥለታለህ። አደራ ማለት ይህ ነው። ቱሪድ ብትኖር ምን እንደምታደርግ ደግሞ አውቃለሁ።

«የሚቃወሙ» አለች ሰብሳቢዋ። እጄ ተነሳ።

ቆጣሪው እርሳሱን እየጠቆመ በረድፎቹ መሀል መጣ። እርሳሱ እኔ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አለፈኝ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ሰው ሲቆጥረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ አጉረመረመ። አንድ ወጣት ተነስቶ «ይቆጠር! እንደገና ይቆጠር!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ጉናር ወደ መድረኩ ወጣ። የሚጮህ መስሎኝ ነበር።

«ቆጣሪዎቹን የመረጥናቸው እኛው ነን» አለ። «አንድ ድምፅም ድምፅ ነው። ተሸንፈናል። ሰኞ ሥራ እንገባለን።» ወርዶ ቦታው ተቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

እውነቱን ልናገር፤ በንግድ ዓለም ሰው አታልያለሁ። ዋጋ የሚከራከረኝን ሰው ባታልል እንቅልፌን አላጣም፤ እሱም ሊያታልለኝ ነው የመጣው። ጉናር ግን የሸጥኩለትን ሳይከራከር ገዛኝ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ብወጣ ማንም አያውቅም። ፎርሜ ትዝ አለኝ። ጋሽ ታደለ ትዝ አሉኝ። እግሬ ግን ኮሪደሩን ይዞ ሄደ።

ቱሪድ መስኮቱ ጋ ቆማ ታለቅሳለች፤ ትስቃለች። «ሴት ልጅ!» አለችኝ። እንኳን ማርያም ማረቻት ማለትን በኖርሽክ ፈልጌ አጣሁትና ያደረግሁትን ነገርኳት።

«አሸንፈናል?» አለች።

«በአንድ ድምፅ ብልጫ።»

«ባንተ ድምፅ።»

«አዎ» አልኳት።

ወደ ውጭ ዞረች። ትራም በረዶውን እየቆረጠ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ሠላሳ ዓመት ያመነችበት ነገር ተሳክቶላታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ለሊቀመንበርነት ትወዳደራለች። የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ ዝም በል ብትለኝ በደስታ የምሞትላት ሰው ነበርኩ።

«ና» አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎኑን ይዛ ተናገረች። «ካርዱ የኔ ነው፤ በእጄ ለሚገባው ሰው ማስረከብ ነበረብኝ፤ አላደረግሁም። ይህ ሰው ገብቶ በካርዴ ድምፅ ሰጠ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ ነገረኝ። ውጤቱ ይሰረዝ። እኔ ወጥቼ ስለነበር ያለኔ ድገሙት።»

ያ ሁሉ ፖሊስ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ጉናር ተነሳ።

«አይሆንም! ቱሪድ ካርዷን ይዛ ካልገባች እኔም አልሰጥም። ባዶ ወንበር ማሸነፍ አልፈልግም።»

«ደንቡ ግልጽ ነው፣ ጉናር።»

«ሴትዮ፣ ልጅሽ ስትወልድ ነው የወጣሽው!»

ሻጭ ዋጋ እየቀነሰ ገዢ እየጨመረ ሲጨቃጨቁ አስቡ። ብዙ ገበያ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ሰብሳቢዋ መዶሻዋን ቲክ አደረገች፤ አሁን አዳራሹ ውስጥ ያለ ተወካይ ሁሉ፣ ቱሪድም ጭምር፣ እንደገና ድምፅ እንዲሰጥ ወሰነች። ከዚያ ወደኔ እያየች፣ «አንተ እዚህ ጎኔ ቁም። ሁለቱንም እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በፖሊሶች ፊት እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።

በዚህኛው ዙር ሐሳቡ አለፈ፤ የቱሪድ ወገን በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። በኋላ አንድ ሽማግሌ ፖሊስ ሶል ሊገዛ ሲመጣ፣ እሱም መጀመሪያ ተቃውሞ ኋላ እንደ ደገፈ ነገረኝ። ለምን ብለው፣ «ጉናር ሲሸነፍ አየሁት። እንደዚያ መሸነፍ ለሚችል ሰው ሽጉጥ አይከለከልም» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በምስጢር መረጡ። ቱሪድ በሰፊ ልዩነት ሊቀመንበር ሆነች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቴሌቪዥን ላይ እየቀረበች ሽጉጥ ወገብ ላይ ይሁን ብላ ስትከራከር አየኋት፤ በደንብም ትከራከር ነበር፣ እንዳመነበት ሰው። አንድ ጋዜጠኛ የራሷን አቋም ሲጠይቃት «እኔ የምናገረው ጉባኤው የወሰነውን ነው» አለችው። ያንን ሸክም ያሸከምኳት እኔ ነኝ ወይስ ጉባኤው? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

የዚያን ዕለት ዕቃዬን ስሰበስብ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ለበሯ ልጅ ስጣት ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ኖርሽክህ ጥሩ ነው። ገብቶሃል።»

«ገብቶኛል።»

«ለኔ ብለህ ነው ለራስህ?»

አደራ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እኔ ባደግኩበት፣ ባለ ሽጉጥ ሰው እጁን ወገቡ ላይ ጣል አድርጎ ሲያናግረኝ ድምፄ እንዴት ይቀጥን እንደነበር አውቃለሁ። «ለራሴ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ቶሎ ዜጋ ሁንና የራስህን ካርድ ያዝ።» ከዚያ ለጨቅላ የሚሆን ካልሲ ጠየቀችኝ። ስጦታ ነው ብላት ፖሊስ ስጦታ አይቀበልም ብላ ከፈለች።

ለጋሽ ታደለ ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ፈቃዱን እርሳው በቃ።»

ፖሊሶቹ ግን ፈቃዱን አልከለከሉኝም። ደብዳቤው ከገና በፊት መጣ፤ ስለ ጉባኤው አንድ ቃል የለበትም።

ሽጉጡን በተመለከተ ቱሪድ ትሁን ጉናር ልክ፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ ዜጋ ከሆንኩ ቆይቷል። ምርጫ በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች አንዱ ነኝ፤ የምመርጠው ወገን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል፤ ለነጋዴ የማይሆን ዓይን ነው ያለኝ። ሲሸነፍ እንደ ጉናር ልሆን እሞክራለሁ፤ ቆጣሪዎቹን አምኜ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ሱቄን ልከፍት። እዚህ አገር ምርጫ የሚውለው ሰኞ ነው፤ ስንሸነፍ እኔ እስከ ረቡዕ እሳደባለሁ። ድሮ እስከ እሑድ ነበር።