ከከረባቱ አጠገብ

ከሽሮ ሜዳ እስከ ዊንጌት ድንኳን ከተተከለ ሰውዬው አይቀርም፤ ለቅሶም ይሁን ሠርግ። የእድር ንፍሮ የሚያዞሩት እትዬ የዓለምወርቅ ክርኑ ባለቀው ግራጫ ኮቱ ያውቁታል። ሴቶቹ "የድንኳኑ ጠበቃ" ይሉታል።

"እግዜር ያጥናችሁ" ይልና ዓይኑን ያንከራትታል። ከረባት ያሰረ ሰው ካየ ከአጠገቡ ቦታ እስኪለቀቅ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ "ሕግ ነው የተማርኩት ጌታዬ" ይላል፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ "ትንሽ ታስሬ ነበር። ከወጣሁ ወዲህ የሚቀጥረኝ አጣሁ።" ባለከረባቱ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ፣ "እስቲ እናያለን" ይልና ካርታ ወደሚጫወቱት ይዞራል።

ዛሬ የሞቱት ዳኛ ናቸው። ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር ከረባት ነው። ሰውዬው ግን በሩ ሥር ተቀምጦ ማንንም አላናገረም። ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ ከቤተሰቡ ብሶ ያለቅሳል።

"አይዞህ ልጄ፤ ለሟች ምናቸው ነህ?" አሉት እትዬ የዓለምወርቅ።

"ምናቸውም አይደለሁም እናቴ። ባለፈው ሳምንት ሠርግ ላይ ነው የተዋወቅነው" አለ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። "ለነገ ነበር ቢሮ ና ያሉኝ።"