ባለቁምጣው ለቀስተኛ

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ቡታጅራ አጠገብ የአጎቴን ልቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ እንግዳ መጣብን። አገር ለማየት ከሮም የመጣ ነጭ ነው አሉ። የአገሩ መንግሥት እኛን ሊያሠለጥን መጥቷል፤ እሱ ግን ጭኑ ላይ የቀረ ቁምጣ ለብሷል። በሮም ጨርቅ ጠፍቶ ይሆናል ብለን አዘንን። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ለቀስተኛው መሀል ገባና ካሜራውን ደገነ። ልቅሶው ቀጥ አለ፤ ሴቶቹም ፊታቸውን ሸፈኑ።

የሟች ሚስት፣ አክስቴ፣ ከመደቡ ተነሳች። ጋቢዋን አውልቃ ወገቡ ላይ ጠመጠመችለትና፣ «ልጄ፣ እናት የለህም? ልቅሶ ቤት ጭን ገልጦ አይገባም!» አለችው።

«ምን አለች?» ብሎ አብሮት የመጣውን አስተርጓሚ ጠየቀ።

አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ላቡን ጠረገ። «ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የክብር ልብስ ነው ብላለች። የለበሰው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

እንግዳው ክብሩን በደስታ ተቀበለ። ከአንዳንድ ዘመዶቻችን የተሻለ ጨዋ ሆኖ እስከ ማምሻው ተቀመጠ። ሲሄድ ግን ጋቢውን እንደለበሰ ሄደ። አስመልሺው ብንላት አክስቴ፣ «ተዉት፤ ሌላም ቤት ይገባ ይሆናል» አለችና ወደ ልቅሶዋ ተመለሰች።