ጥሩብርሃን መስመሩን ለማን አስቀደመች

ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጥሩብርሃን ትባላለች፤ ሰፈሩ «ጥሩዬ» ይላታል። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከትልቅ ድርጅት የኢንተርኔት መስመር በጅምላ ትከራይና በአንቴናና በገመድ ለመቶ ሠላሳ ያህል ቤቶችና ሱቆች ታከፋፍላለች። የሰው ጣሪያ ላይ ስትወጣ የእናቷን መቀነት ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ፒንሳዋን የምትሰካው እሱ ላይ ነው።

መስመሩ አንድ ነው፣ ስፋቱም የተወሰነ። ቀን ቀን ይተርፋል። ሰው ከሥራ ሲገባ ግን ያጥራል። አንዱ ፊልም ይከፍታል፣ አንዱ ጌም ያወርዳል፣ ሌላዋ ትምህርቷን ትከታተላለች። ጥሩዬ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም እኩል ነበር የምትሰጠው። ሲያጥር በሁሉም ላይ እኩል ያጥራል፤ ማንም ማንንም አይበልጥም። እንደዚያ መሆኑ ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ እትዬ ሃፊዛ ቢሮዋ መጡ። እትዬ ሃፊዛ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም። ጅማ ያለችው ታናሽ እህታቸው ሀያቱም እንደዚሁ ናት። ሁለቱ በየምሽቱ በስልክ ምስል እየተያዩ በእጃቸው ያወራሉ። እትዬ ሃፊዛ ቁጭ አሉና ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስበው ጻፉ። ጥሩዬ ያንን ወረቀት አሳይታኛለች። «ሌላው ሰው ምስሉ ቢቆምበት ድምፁ ይደርሰዋል። የእህቴ እጅ ከቆመ ለእኔ ምንም የለም» ይላል።

ጥሩዬ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ የመስመሩን አሠራር ቀየረችው። እትዬ ሃፊዛ ከእህታቸው ጋር ሲያወሩ ሌላው ሁሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያሳልፋቸዋል። የሚወስዱት ከጠቅላላው መስመር ቅንጣት ነው፤ የሚጎድልበት ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ስለዚህ ከእትዬ ሃፊዛ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ምስጢሩን ያወጡት ራሳቸው እትዬ ሃፊዛ ናቸው። ደስ ስላላቸው ለጎረቤታቸው ጽፈው አሳዩ፤ ጎረቤቲቱ ለሌላ አወራች፤ ወሬው እየዞረ ጋሽ ፈቀደ ጋ ደረሰ።

ጋሽ ፈቀደ ኳስ የሚያሳዩበት አዳራሽ አላቸው። ከጥሩዬ ደንበኞች ሁሉ ሰፊውን መስመር የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን ጨዋታው እየተቆራረጠ ሰው ያጉረመርምባቸው ጀምሮ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ኳሱ መረብ ሊነካ ሲል ስክሪኑ ደረቀ፤ ጎሉን ያወቁት ከጎረቤት አዳራሽ በመጣ ጩኸት ነው። ሰኞ ጠዋት ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። እኔም በሬ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ሃፊዛ ከእኔ ትቀድማለች ይባላል። እውነት ነው?» አሏት፣ ሳይቀመጡ።

«እውነት ነው፣ ጋሽ ፈቀደ። ማስቀደሜ አያሳፍረኝም። ሳልነግርዎት ማድረጌ ግን ጥፋት ነው፤ ለእሱ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለክርክር የመጣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ ቁጣውን የሚያሳርፍበት ያጣል። ጋሽ ፈቀደ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጥሩዬም ማታ እትዬ ሃፊዛ ቤት አብረዋት እንዲሄዱ ለመነቻቸው።

እዚያ የሆነውን ኋላ ጋሽ ፈቀደ ራሳቸው ነገሩኝ። ስልኩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሀያቱ ከጅማ ትታያለች። እህትማማቾቹ እጃቸውን ሲያፈጥኑት ዓይን አይከተለውም። እትዬ ሃፊዛ ወደ እንግዳው ጠቆም አድርገው በሁለት ጣታቸው ከአፍንጫቸው ሥር ወደ ግራና ቀኝ ሳብ አደረጉ። ሀያቱ ሳቀች። ጋሽ ፈቀደ ጥቂት ቆይተው ሪዛቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ለካ ስም ወጥቶላቸዋል። እሳቸውም ሳቁ። ሲወጡ ደጅ ላይ ቆመው «እሺ እሷ ትቅደም። ግን የእኔን ኳስ ማን ነው የሚያቆመው?» ብለው ጠየቁ።

ጥሩዬም ይህን ማወቅ ፈልጋ ነበር። በማግስቱ ጨዋታ ስለነበረ ላፕቶፗን ይዛ አዳራሹ ኋላ ተቀመጠች። ሰው በገባ ቁጥር ስልኩ ከአዳራሹ ዋይፋይ ጋር ይያያዛል፤ ባለቤቱ ኳስ ሲያይ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ የራሱን ነገር ያወርዳል። ስልሳ ስልክ ቆጠረች። የጋሽ ፈቀደን ድርሻ የሚጨርሱት እነዚያ ስልኮች ነበሩ። ስክሪኑን ለብቻው ለይታ አስቀደመች፣ ስልኮቹን ከኋላው አሰለፈች። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሳይቆራረጥ አለቀ።

«የገዛ እንግዶቼ ናቸው ሲያንቁኝ የከረሙት» አሉ ጋሽ ፈቀደ፤ ሻይ አዘዙላት።

በዚያው ሳምንት ጥሩዬ የመስመሩን ቅደም ተከተል ጽፋ እኔ ዘንድ መጣች። በምስል እየተያዩ የሚደረግ ንግግር ይቀድማል፤ ትምህርትና ሥራ ይከተላል፤ ከዚያ ፊልምና ኳስ፤ መጠበቅ የሚችል ትልቅ ፋይል መጨረሻ ላይ ይሆናል። አትሜላት በሯ ላይ ለጠፈችው፣ ለደንበኞቿም ሁሉ ላከችው። አብዛኛው ሰው አንብቦ ተቀበለው። አቶ ገሜዳ የሚባሉ ደንበኛ ግን ማታ ማታ ጌም ለሚያወርዱ ልጆቻቸው ቅር ብሏቸው መስመሩን አስነቀሉ። ቤታቸው ድረስ ሄዳ አስረድታቸው ነበር፤ አልተመለሱም። እስካሁን መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ እሷ ግን ካለፉ በኋላ ዞር ብላ ታያቸዋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እትዬ ሃፊዛ ዘንድ የእጅ ንግግር ትማራለች። ትምህርቱ ቶሎ አልገባትም። አንድ ቀን «መስመሩ ይመለሳል» ልትል ፈልጋ ሌላ ነገር ብላ፣ እትዬ ሃፊዛ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ምን እንዳለች ግን እስከ ዛሬ አልነገሯትም።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ መስመሩ ተቋረጠ። እትዬ ሃፊዛ ከመንገዱ ማዶ፣ ከታክሲው ሰልፍ አጠገብ ቆመው ወደ ላይ እጃቸውን አንቀሳቀሱ። ጥሩዬ መስኮቱን ከፍታ፣ መጀመሪያ ጣቶቿን እያስተካከለች፣ ከሦስተኛው ፎቅ «መስመሩ ይመለሳል» ስትል በእጇ መለሰችላቸው። ታች የታክሲው ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጮሃል፤ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል። ሁለቱ ግን በደንብ ተግባቡ። እትዬ ሃፊዛ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ክር ሊገዙ ወደ ሱቅ ሄዱ።