ያልተሞከረው ደወል

በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል አብሮኝ የሚሠራውን ሰው «መርማሪው» ነበር የምንለው። ደህና ነኝ ሲሉት «እርግጠኛ ነህ?» እያለ የሚያደርቅ ሰው ነው።

ከዓመታት በፊት የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን «ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ነህ ወይስ ባለ ስድሳ አራት?»፣ ማለትም አሮጌ ሥሪት ነህ ወይስ አዲስ፣ ብሎ ይጠይቅና፣ በመልሱ መሠረት የሕሙማንን ልብ ምት የሚጠብቀውን ደወል ይጭናል። ከማሽኑ ጋር የማይገጥም ከተጫነ ስክሪኑ ይሠራል፣ ደወሉ ግን አይጮኽም። መርማሪው ደግሞ ማሽን አያምንም፤ ከሕመምተኛው ላይ ሽቦ ነቅሎ ደወሉን ካላስጮኸ ከክፍል አይወጣም። ነርሶቹ በዚህ ሲያሙት ይውላሉ።

ያን ሰሞን እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ልቧን ታማ እኛው ሆስፒታል ተኛች። ክፍሏ ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር ገባና ጠዋት ሄዶ ደወሉን ጫነ። ፕሮግራሙ «ሠላሳ ሁለት» አለ። ሽቦውን ሊነቅል እጁን ሲሰድ እህቱን አያት፤ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥታ ገና ማሸለቧ ነበር። አንጀቱን በላችውና እጁን ሰበሰበ። ለነርሷም፣ ደወሉ ካልጮኸ እንዳትቀሰቅሳት አደራ ብሏት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ይህንን ሲያጫውተኝ ከወትሮው ሳቂታ ሆኖ ነበር። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም።

«አዲሶቹ እኮ ሁሉም ስድሳ አራት ናቸው» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ፕሮግራሙን ከፍቶ አየው። ራሱ ፕሮግራሙ በሠላሳ ሁለት የተሠራ አሮጌ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ይሉኝታ አለው፤ አሮጌ ፕሮግራም ሲጠይቀው፣ እንዳይደናገርበት እሱም አሮጌ መስሎ ይመልሳል። ድሮ ማሽኖቹም አሮጌ ስለነበሩ መልሱ ተሳስቶ አያውቅም።

ወደ ክፍሏ ስልክ ደወልን፤ የሚያነሳ ጠፋ። ደረጃውን ተከታትለን ወጣን። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ በጣም ፈርቼ ነበር። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ ሁልጊዜ የምረግመው የደወል ጩኸት ናፈቀኝ።

ነርሷ በሩ ላይ አገኘችንና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ» አለች በሹክሹክታ፣ «ገና አልነቃችም። ደወሉም አንዴ እንኳ አልጮኸም። እንዳልከኝ አልቀሰቀስኳትም።»

ከኋላዋ ስክሪኑ ይታየኛል፤ የልብ ምቷ መስመር ቀጥ ብሏል። መርማሪው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም።