ቀለም ያልያዘው አራት ጣት

ከቡሬ እስከ ወጀት፣ ያው አሁን ፍኖተ ሰላም እስከምትባለው ማለቴ ነው፣ እንደኔ ጠመንጃ የሚያጠቁር ሰው አልነበረም። ምስክር አምጣ የሚለኝ ካለ እኔኑ ይጠይቀኝ። አስተማሪ የለኝም። አንድ ቀን ቆዳ በዘፈዘፍሁበት የግራር ቅርፊት ውሃ ውስጥ ማጭዴ ወድቆ ከረመ። ሳወጣው እንደ ቁራ ክንፍ ሰማያዊ የሚመታ ጥቁር ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ማጭዴ ተበላሸ ብሎ ይራገም ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሰብሁ። መጀመሪያ በሎሚ አሽቼ ብነክረው ደግሞ ጥቁረቱ ባሰበት። ሊቅ የሆንሁት እንዲህ ነው።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ ይቺ እውቀቴ ሥራ አገኘች። ያርበኛው ጠመንጃ አሮጌ ነው። ዝናብ ያዝገዋል፤ ዝገቱን በአሸዋ ሲፈትጉት ይነጣል፤ የነጣ ብረት ደግሞ ፀሐይ ስታገኘው ከወዲያኛው ተራራ እንደ መስተዋት ያበራል። ቀጥቃጭ ጋ እንዳይወስዱት ጭሱና የወናፉ ድምፅ ለባንዳ ይናገራል። የኔ ሥራ እሳትም ድምፅም የለበትም። ቅባቱን በአመድ ውሃ አጥባለሁ፣ በሎሚ አሻለሁ፣ የቅርፊቱን ውሃ በጨርቅ እየደጋገምሁ እቀባለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቃለሁ፣ በመጨረሻ የኑግ ዘይት አስነካዋለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ስለሚታይ ሰዉ ይፈራኝ ጀመር። ሚስቴ ብቻ አልፈራችም፤ ከገበታው ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ እኔ አጎርስሃለሁ ትለኝ ነበር።

በአንዱ ክረምት መጨረሻ ከገበዝ ማርያም በኩል አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅ ይባል እንጂ ጢሙን ያጎፈረ አርበኛ ነው። በኩታ የተጠቀለለ ምንሽር ጠመንጃ ይዘዋል። ስፈታው ዓይኔን ወጋኝ፤ ከአፈሙዙ እስከ ቃታው እንደ ብር ነጭ ነው። የታላቅ ወንድሙ ነበር። ሟቹ መሣሪያው እንዲያምርለት ይወድና በአሸዋ ሲፈትገው ይውል ነበር። ጣሊያን ብልጭታውን አይቶ ከማዶ ተኮሰበት። ሰውየው ከገደሉ አፋፍ ወደ ብር ወንዝ ወደቀ፤ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሬሳውን ወሰደው። ጠመንጃው ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

ታናሹ ሌላ ጠመንጃ የለውም። በአራተኛው ቀን ወደ ጓዶቹ መመለስ አለበት። እንደነጣ ይዞት ከወጣ ደግሞ ወንድሙ በሞተበት አኳኋን ይሞታል። ይህን እናቲቱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ግድ የላችሁም፣ በሁለት ቀን የገዛ ጠመንጃችሁ ከመጥቆሩ የተነሣ ይጠፋባችኋል አልሁና እቤቴ አሳደርኋቸው።

የመጀመሪያው ቀን ብረቱ ቀለሙን ጥሩ ያዘ። የግራ እጅ ደግፎ በሚይዝበት፣ ጣቶች ከእንጨቱ አልፈው ብረቱን በሚነኩበት ቦታ ላይ ብቻ አራት ነጭ ሰረዞች ቀሩ። የራሴ እጅ ነክቶት ይሆናል ብዬ ሳቅሁ። ቦታውን በአመድ ውሃ አጥቤ እንደገና ቀባሁት። በማግስቱ ስመለከት አራቱ ሰረዞች እንዳሉ ናቸው፤ እንዲያውም ዙሪያቸው ስለጠቆረ ጎልተው ጣት መሰሉ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ጨርቁን ነክሬ ጣቶቹ ላይ አሳረፍሁት። ውሃው ሸሸ። ከኮባ ቅጠል ላይ እንደሚንከባለል ጠብታ ግራና ቀኝ ወረደና ጣቶቹ ደረቅ ሆነው ቀሩ። በጣሪያው ጥላ ሥር ሲጭሩ የሚውሉት ዶሮዎች ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አልቀረቡም። እኔም ወሬዬን አቆምሁ። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ አሞሃል እንዴ ብላ ግንባሬን ነካችኝ፤ ዝም ስል ሰምታኝ አታውቅማ።

እናቲቱን ጠራኋቸውና ይህ ብረት ቅባት ነክቶት ያውቃል ወይ አልኋቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። ኩታውን አንስተው አጠፉት።

«ገንዤዋለሁ» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ሬሳው ሲጠፋ ለቅሶው ባዶ ሆነባቸው። አልጋ ላይ ምን ይተኛ? ጠመንጃውን አጠቡት። ሟቹ ልጃቸው ከቤት ሲወጣ አናቱን ቅቤ ሳይቀቡት ስለሄደ ብረቱን ቅቤ ቀቡት። የሟች አውራ ጣት እንደሚታሰር ቃታውን በነጭ ክር አሰሩት። በኩታ ጠቅልለው አልጋ ላይ አስተኙና ሦስት ቀን አለቀሱበት። ክሩን እኔም አይቼው ነበር፤ ስለት ነው ብዬ ነው ያልነካሁት። ለካ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በሎሚ ሳሽ የነበረው የተገነዘ ሰው ነው።

ቅቤው ነው እንግዲህ፣ እጅዎ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠልቆ ገብቷል አልኋቸው። እፎይ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠጋ አሉና የግራ እጃቸውን ነጮቹ ላይ አሳረፉ። ትንሽ እጅ ናት። ጣታቸው ሰረዞቹን አልሸፈነም፤ በጎንም በጫፍም ነጩ ተርፎ ታየ። እኔም ሞከርሁ፤ የኔም አልሞላውም።

ልጁ እጁን ወደኋላ ሰበሰበ። «አያ፣ እኔ ይህን አልይዝም» አለኝ።

«ታዲያ በባዶ እጅህ ልትመለስ ነው?» አልሁት።

እናቲቱ ተቀመጡና ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። የቃታውን ክር በጥርሳቸው በጠሱት። ጡት እንደሚያጠቡት ሕፃን ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው በዝግታ ተናገሩት።

«ልጄ፣ እጅህን አንሳ። አሁን የወንድምህ ነው።»

ከዚያ አንተ ሥራህን ሥራ አሉኝ። እንደገና በአመድ ውሃ አጠብሁት። አመዱ ስለበረታ ነው ቅቤው የለቀቀው፤ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እምላለሁ። በሎሚ አሸሁ፣ ቀባሁ። ውሃው አልሸሸም። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ጠቆረች፣ ቀጥላ የቀለበቷ፣ ከዚያ ሁለቱ፣ እያንዳንዷ በየተራ፣ አንድ ሰው የያዘውን ቀስ ብሎ እንደሚለቅ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ሥራ እሱ ነው። ያን ቀን ግን አልፎከርሁበትም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጁ ጠመንጃውን አነገተና ሄደ። ከደጄ ፊት ለፊት ያለው ተረተር ገላጣ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ላም እንኳ ብትወጣበት ከቤቴ ትቆጠራለች። እኔና እናቲቱ ቆመን ዓይናችንን ተከልን። ቁልቁለቱን ሲወርድ አየነው። ጅረቱን ሲሻገር አየነው። ተረተሩን መውጣት ጀመረ፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ነበረች።

«ብልጭ የሚል ነገር ታያለህ?» አሉኝ።

«አላይም እናቴ።»

«ሰውስ?»

ዓይኔን ጠርጌ ከታች እስከ ላይ ፈለግሁ። ገና አናቱን የሚያልፍበት ጊዜ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ባዶውን ተዘርግቷል። ያጠቆርሁት ብረቱን ነበር እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

«ሰውም አላይም» አልኋቸው።

«እሰይ» አሉና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገበዝ ማርያም የሚወስደውን መንገድ ያዙ።